በ72 ቀን ያመለጠ ይርጋ፦ ለወጣት የሕግ ተማሪዎች

ሜሪላንድ ውስጥ ሕግ የምትማር የወዳጄ ልጅ ባለፈው ሳምንት፣ «ጋሼ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አሜሪካ የፈቀደበትን የ2015 ውሳኔ ቢሽር፣ የተጋቡት ሰዎች ጋብቻ ይፈርሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። በ2022 የወጣው ሕግ የፌዴራሉ መንግሥትም ሆነ ክፍለ ግዛቶች በሌላ ክፍለ ግዛት በሕግ የተፈጸመን ጋብቻ እንዲቀበሉ እንደሚያስገድድ፣ ነገር ግን የትኛውንም ክፍለ ግዛት የጋብቻ ፈቃድ ስጥ ብሎ እንደማያዝ ነገርኳት። እሷ አመስግና ሄደች፤ እኔ ግን አንዲት የቀድሞ ደንበኛዬን ሳስብ አደርኩ።

በ2013 ፌብሩዋሪ ሰማያዊ አቃፊ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ቦስተን ስትኖር በ2005 ከአንዲት ሴት ጋር ተጋብታለች፤ ማሳቹሴትስ ከ2004 ጀምሮ ይህን ይፈቅድ ስለነበር ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀቷ እንከን አልነበረውም። ይሁንና የ1996ቱ የፌዴራል ሕግ ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል ብቻ ወስኖት ስለነበር፣ መሥሪያ ቤቷ ለትዳር ጓደኛዋ የሚከፍለው የጤና መድን እንደ ደመወዝ እየተቆጠረ የፌዴራል ግብር ይታሰብባት ነበር። በዚያን ጊዜ የትዳር ጓደኛዋን በመውረሷ 363,053 ዶላር ግብር የተጠየቀችውና ይህንኑ ሕግ የተቃወመችው የኢዲት ዊንዘር ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ደንበኛዬም ፍርዱ እስኪታወቅ፣ የ2009ን ግብር ተመላሽ የመጠየቅ መብቷን የሚያስጠብቅ ማመልከቻ እንዳስገባላት ለመነችኝ።

አቃፊውን ሳልከፍት «ሕጉ እስካልተሻረ ድረስ የሚደረግ ነገር የለም» አልኳት። ያን ያናገረኝ ሕጉ ብቻ አልነበረም፤ የሰማኋት ያደግኩበት ሃይማኖት ስለ ጋብቻ ያስተማረኝን ይዤ ነው። እምነቴን ዛሬም አልተውኩም፤ የደንበኛዬን ይርጋ፣ ማለትም መብቷን የምትጠይቅበትን የጊዜ ገደብ፣ የመቁጠር ግዴታዬን ግን ሊያስረሳኝ አይገባም ነበር። አቃፊዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወጣች። ይርጋው ኤፕሪል 15 አለቀ፤ ጋብቻን በወንድና በሴት ብቻ የወሰነውን የሕጉን አንቀጽ የሻረው የዊንዘር ፍርድ ጁን 26 ተሰጠ።

እናንተ ወጣቶች ይህ ጉዳይ ሲነሳ «መብት ነው» ወይም «ኃጢአት ነው» ለማለት ትፈጥናላችሁ፤ ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው፣ የመቀበል ግዴታስ ያለበት የትኛው መንግሥት ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው። የሕጉን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ እላችኋለሁ፤ እኔን ያሳተኝም የሕጉን ቃል አጥብቄ መያዜ መሆኑን አውቃለሁ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ የነበሩት ኬኔዲ እንኳ በ2013 በዊንዘር ፍርድ ላይ ጋብቻ የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን መሆኑን በሰፊው ጽፈው፣ በ2015 ደግሞ ክፍለ ግዛቶች ሊከለክሉት አይችሉም ብለው 5 ለ4 የተወሰነውን ፍርድ ጻፉ።

በ2013 መገባደጃ፣ ሌላ ጠበቃ የሴትዮዋን ሰነዶች ቅጂ እንድልክለት ጻፈልኝ። ተመላሽ የሚጠይቅባቸውን ዓመታት ዘርዝሯል፦ 2010፣ 2011 እና 2012።