ፒላቴስ ያለ መሣሪያ ይሠራል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 44 ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ቀኑን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ከክረምቱ ወዲህ ወገቤን እየያዘኝ ተቸግሬአለሁ፤ ሐኪም መርምሮኝ ከባድ ነገር እንደሌለብኝ ነግሮኛል። አንዲት ደንበኛዬ ፒላቴስ የተባለውን፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻን የሚያጠነክር የሰውነት እንቅስቃሴ ብሠራ እንደሚሻለኝ መከረችኝ፤ በስልክ የማየው ግን ሁሉ በመሣሪያ የሚሠራ ነው። ያለ መሣሪያ ይቻላል? ቦርጭስ ያጠፋል?

መልስ፦ ይቻላል። የልምምዱ መሥራች ጀርመናዊው ጆሴፍ ፒላቴስ ምንም እንኳ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠሩ መሣሪያዎችን የፈለሰፈ ቢሆንም፣ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማራቸው 34 እንቅስቃሴዎች በሙሉ ወለል ላይ የሚሠሩ ናቸው። እርስዎም ሰሌን ላይ ብርድ ልብስ አጥፈው ቢያነጥፉ ይበቃዎታል፤ ፍራሽ ግን ወገብን ስለሚያሰምጥ አይሆንም።

በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን መሬት ያስረግጡ። አየር በአፍንጫ ሲስቡ የጎድን አጥንቶችዎ ወደ ግራና ቀኝ ይስፉ፤ ሲያስወጡ ከእምብርት በታች ያለውን ሆድዎን በቀስታ ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ አንዱን ተረከዝ መሬቱን ሳይለቅ ወደ ፊት ያንሸራቱና ይመልሱ። እግሩ ሲዘረጋ ወገብዎ ከምንጣፉ ከተነሣ ሆድዎ ለቋል ማለት ነውና ርቀቱን ያሳጥሩ። በቪዲዮ የሚታየውን፣ አንገትን ቀና አድርጎ እጅን መቶ ጊዜ የማርገብገብ ልምምድ ለጊዜው ይተዉት፤ ጀማሪን አንገቱን ከማሳመም በቀር እምብዛም አይጠቅመውም።

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ፒላቴስ ለቆየ የወገብ ሕመም እምብዛም ሕክምና ካለማግኘት እንደሚሻል፣ ከሌሎች የሰውነት እንቅስቃሴዎች ግን እንደሚበልጥ አሳማኝ ማስረጃ እንዳልተገኘ ገልጿል። ስለዚህ ደንበኛዎ ያሞገሱትን ያህል ባይሆንም ይሞክሩት፤ ስፌቱ ላይም ሳሉ በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ይበሉ።

ቦርጭን በተመለከተ፣ የሆድ ጡንቻ ቢጠነክርም ስቡ ከዚያው ቦታ ተመርጦ አይቀልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ስለሚመክር፣ ፀሐይ ሳይበረታ በጣና ዳርቻ ፈጠን ብለው ቢራመዱ ከፒላቴሱ ይልቅ ለዚህ ይረዳዎታል፤ አመጋገብዎም መስተካከል ይኖርበታል።

እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ ልምምዱን አቁመው በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ይሂዱ።