ቤት እያደሳችሁ ድመት ላላችሁ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሥራዬ ፊኒሺንግ ነው። ኮርኒስ፣ ጀሶ፣ ቀለም፣ ሴራሚክ። ቤቴ ድመት ጠፍቶ አያውቅም። የሰው ቤት ስሠራም ከድመት ጋር መገናኘቴ አይቀርም። እድሳትና ድመት አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚደረግ ጠይቁኝ። የእንስሳት ሐኪም ግን አይደለሁም። የመድኃኒት መጠን የሚጠይቀኝ መልስ አያገኝም።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት ድመቷን በዓይናችሁ እዩ። የቀለም ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ አይደር።

የሳሪሷ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ሰኞ ሠራተኛ ይገባል። ድመቴ እንግዳ ሰው ስታይ አልጋ ሥር ነው የምትገባው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጊዜ አለሽ። ሰኞ ጠዋት ብትጠይቂኝ ኖሮ አዝንልሽ ነበር። ከሥራው በጣም የራቀውን ክፍል ምረጪ። ሰርቪስ ቤት ካላችሁ ከሁሉ ይሻላል። ዛሬውኑ ምግቧን፣ ውሃዋን፣ ሰጋቱራውን እዚያ አስገቢ። ሰጋቱራው ከምግቡ ይራቅ፤ የምትጸዳዳበት አጠገብ መብላት አትወድም። አንድ ካርቶን በጎኑ አስተኝተሽ አፉን ወደ ግድግዳ አዙሪው። መደበቅ ትፈልጋለች፣ ትደበቅ። ጎትተሽ አታውጫት።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። የምትተኛበትን ጨርቅ እንዳታጥቢው። ድመት ጉንጯን በር ላይ፣ ወንበር ላይ ስታሻሽ አይተሻል? ሽታዋን እየቀባች ነው። ቤቱ የራሷ መሆኑን የምታውቀው በዚያ ሽታ ነው። እኛ ደግሞ እንመጣና ግድግዳውን እንፍቃለን፣ ሶፋውን እናወጣለን፣ አዲስ ቀለም እንቀባለን። የምታውቀው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፋባታል። ስለዚህ ያልታጠበ ብርድ ልብስና ያረጀ ልብስሽ አብረዋት ይግቡ።

በሩን ቆልፊና ቁልፉን ኪስሽ ክተቺ። «አትክፈቱ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ዋጋ የለውም። ሠራተኛ ሶኬት ፍለጋ ይከፍተዋል።

የቡልቡላው፦ ግራይንደር ሲነሳ ትንቀጠቀጣለች። ሙዚቃ ልክፈትላት?

መልስ፦ ቀስ ያለ ሬዲዮ ይሁን። ከግራይንደሩ አስበልጠህ ከከፈትከው ሁለት ጩኸት ሰጠሃት ማለት ነው። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ይሰማል፣ የድመት 60,000ን ያልፋል። እኛ ጨርሶ የማንሰማው የሞተር ፉጨት እሷ ጋ ይደርሳል። የሚሻለው ከሠራተኛው ጋር መነጋገር ነው። ሴራሚኩ ግቢ ውስጥ ይቆረጥ። መሰርሰሩና መፍረሱ በአንድ ፈረቃ ይለቅ። ቀኑን ሙሉ ተነሳ ቆመ፣ ተነሳ ቆመ ሲል ነው እረፍት የምታጣው። ዋናውን ምግብ ሠራተኞቹ ከወጡ በኋላ ስጣት።

አንድ አባል፦ የሚያስተኛ ክኒን አለ ይባላል። ግማሹን ብሰጣት?

መልስ፦ ሐኪም ጠይቅ። ለሰው የተሠራ ክኒን በግምት አይሰጥም። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፣ በግማሽም በሩብም።

የድሮ ሰው፦ እኔ የሚገርመኝ ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው። ድመት ናት! ጩኸት ሲበዛ ትወጣለች፣ ሲያልቅ ትመጣለች። እኛ ቤት ስንቀይር በጆንያ ነበር የምንወስዳት።

የሚጡ እናት፦ በጆንያ ወስዳችኋት ስንቷ ተመልሳ አሮጌው ቤት ሄደች? «ድመት የሚለምደው ቤቱን ነው» የሚባለው ከምን መጣና ነው?

የድሮ ሰው፦ እኮ! ቤቱን ከለመደች የት ትሄዳለች? ተያት።

የሚጡ እናት፦ መንገዱ ሁሉ መኪና ነው፣ ጋሼ። የእርስዎ ሰፈር አጥርና ጓሮ ነበረው። እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ጥያቄውን አበላሻችሁት። የለመደችው ቤት ነው፤ አሁን እየፈረሰ ያለውም እሱ ነው። ደንግጣ የወጣች ድመት መንገድ አትመርጥም። በጆንያ ማንም እንዳይወስድ። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ወይም ቅርጫት ይበቃል።

የገርጂው፦ ጋሼ፣ ትናንት ሳሎኑን ኮርኒስ ዘጉት። ከማታ ጀምሮ ድመቷን አላየናትም። ወጥታ ይሆን?

መልስ፦ ምን ብዬ ነበር የጀመርኩት? አሁን እንዲህ አድርግ። ቤቱን ጸጥ አሰኝ፣ ቴሌቪዥንም ይጥፋ። ከተቻለ ሌሊት ይሁን። የምግብ ዕቃዋን እያንቋቋህ በየክፍሉ ጥራትና ቆም ብለህ አድምጥ። የደነገጠች ድመት ብዙ ጊዜ አትጮህም፣ ስለዚህ ድምፅ አልሰማሁም ብለህ አትተው። ችፑድ ከሆነ ጥግ ላይ ያለውን አንዱን አስነሳ። መሰላሉን እዚያው ተው፣ ከሥሩ ምግብና የለመደችውን ጨርቅ አስቀምጥ፣ መብራት አጥፍተህ ውጣ። ጀሶ ከሆነ ሠራተኛውን አስመልስና የመብራት ቀዳዳውን ያስፋው። አንድ ቦርድ ማበላሸት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ለሌሎቻችሁም ልድገመው። የተከፈተ ኮርኒስ ለድመት ጨለማ፣ ሙቅ፣ የአይጥ ሽታ ያለበት ቦታ ነው። ከዚያ የተሻለ መደበቂያ የላትም። በባህር ዛፍ መወጣጫው ላይ ዘላ ትገባለች፣ ሠራተኛው ጀርባውን ሰጥቶ ሚስማር ይመታል። የገላ መታጠቢያ ገንዳ ሥር፣ የኪችን ካቢኔት ጀርባና የቧንቧ መተላለፊያም ያው ናቸው። ከመዘጋቱ በፊት በዓይናችሁ እዩዋት። «ውጭ ትሆናለች» አይሠራም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እኛ ያለነው አሜሪካ፣ የቆየ ቤት ውስጥ ነው። የመስኮቶቹን ቀለም ልናስፍቅ ነው። የተለየ ነገር አለ?

መልስ፦ በጣም አለ። ቤቱ መቼ ተሠራ? እዚያ አገር ለመኖሪያ ቤት እርሳስ ያለበት ቀለም የተከለከለው በ1978 በፈረንጆች ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ አቧራው መርዝ ሊሆን ይችላል። ድመት ደግሞ ራሷን ትልሳለች፤ ፀጉሯ ላይ ያረፈ አቧራ ሁሉ ሆዷ ይገባል። ልጆች ካሉም ጉዳዩ የእነሱም ነው። እንዲህ ባለ ቤት የሚሠራ ኮንትራክተር የእርሳስ ሥራ ማረጋገጫ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፣ ጠይቂው። ፍቂያው እስኪያልቅና እስኪጸዳ ድመቷ ሌላ ቤት ትደር።

ፌሊዌይ የሚባል ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር እዚያ ይሸጣል። ያንን የጉንጭ ሽታ አስመስሎ የተሠራ ነው፣ አንዱ ብልቃጥ ወር ገደማ ይሄዳል። አንዷን ያረጋጋል፣ ሌላዋን ምንም አይላትም። ክፍል አዘጋጅቶ መቆለፍን ግን አይተካም።

የጀሞዋ፦ ድመቴ በእድሳት ጊዜ እንድትረጋጋ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ።

የጀሞዋ፦ አንብቤያለሁ፣ ግን የኔ በጣም ፈሪ ናት።

መልስ፦ የሳሪሷም ፈሪ ናት። ስንት ክፍል አላችሁ? ምን ዓይነት ሥራ ነው? ስንት ቀን ይፈጃል? እሱን ሳትነግሪኝ ምን ልበልሽ?

የሃያ ሁለቷ፦ ዕጣን ሳጨስ ትረጋጋለች። የቀለሙን ሽታም ያጠፋል።

የሚጡ እናት፦ እንዴ! ጭስ ላይ ጭስ?

የሃያ ሁለቷ፦ እናቴ ሁሌ ታጨስ ነበር፣ ድመታችን ምንም አልሆነችም።

መልስ፦ ዕጣን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። የቀለም ሽታ የሚወጣው በመስኮት ነው። ቡናሽን ሳሎን አፍይ፣ እሷ የተቆለፈችበት ክፍል ግን ጭስ አይግባ። የባህር ዛፍ ዘይትም እንዳትረጩ፣ ለድመት መርዝ ነው።

ነፍሰ ጡር ነኝ፦ ግቢ ያለውን የግንባታ አሸዋ ድመቶች መጸዳጃ አደረጉት። ያሰጋል?

መልስ፦ አሸዋውን በሸራ ሸፍኑት፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ይጫነው። አንቺ አትንኪው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ዓይነ ምድሩ ውስጥ ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ የቤቷን ሰጋቱራ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጣለው። የቀረውን ሐኪምሽን ጠይቂ።

ቀለም ቀቢው፦ እኔ ሠራተኛ ነኝ። አንዷ ድመት የዘይት ቀለም ላይ ተቀመጠችብኝ። በነጭ ጋዝ ላጥባት ስል ባለቤቷ ጮኸችብኝ።

መልስ፦ ደግ አደረገች! ቲነርም፣ ነጭ ጋዝም፣ ናፍጣም ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ስትልሰው ደግሞ ይመርዛታል። እርጥብ የዘይት ቀለም በምግብ ዘይት ይታሻል፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ይታጠባል። ከደረቀ ፀጉሩን በመቀስ ቁረጥ። የውሃ ቀለም ከሆነ ሳሙናና ውሃ ይበቃል። እስክትጨርስ ድረስ እንዳትልስ በፎጣ ጠቅልላት። ቀለሙ ሰፊ ቦታ ከያዘ ወይም ከላሰችው ሐኪም ጋ ትሂድ። እርጥብ ሲሚንቶም መዳፍ ያቃጥላል፣ ቶሎ በውሃ አለቅልቅ። ከቧጨረችህ ወይም ከነከሰችህ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ታጠብና ጤና ጣቢያ ሂድ። እብድ ውሻ በሽታን ድመትም ታስተላልፋለች።

የአያት ልጅ፦ ወንዱ ድመቴ ሥራው ከተጀመረ ወዲህ ሰጋቱራው ላይ ተመላልሶ ይቀመጣል፣ ምንም አይወጣም። ድርቀት ነው?

መልስ፦ ሽንት ሊሆን ይችላል። ወንድ ድመት ሲጨነቅ የሽንት መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፣ ከተዘጋ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰደው፣ ነገ አትበል። ወተት፣ ዘይት፣ ምንም አታጠጣው። ሌሎቻችሁም ጠዋት ጠዋት ሰጋቱራውን እዩ። ረጥቧል? የምግብ ዕቃዋስ ጎድሏል? አንድ ሙሉ ቀን ያልበላች ድመት ሐኪም ትታይ፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች። ጉበቷ ይጎዳል።

የሳሪሷ፦ ቀለሙ ሲደርቅ ወዲያው ልልቀቃት?

መልስ፦ ሲደርቅ አይደለም፣ ሽታው ሲጠፋ። መስኮት ከፍተሽ ጥቂት ቀን ጠብቂ። የዘይት ቀለምና ቫርኒሽ ይቆያሉ። መጀመሪያ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ሚስማርና የሽቦ ቁራጭ ልቀሚ። ከዚያ አንድ ክፍል ብቻ፣ ማታ፣ ሰው ሳይበዛ። ያንን ያልታጠበ ጨርቅ አዲሱ ክፍል ውስጥ ጣይላት። በሩ ክፍት ይሁን፤ ስትፈልግ ወደ መደበቂያዋ ትመለስ።

የጀሞዋ፦ ሁለት ክፍል ነው፣ ሴራሚክ ነው፣ አምስት ቀን።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። አንዱ ክፍል ሲሠራ በሌላው ቆልፊያት፣ ሲቀያየር እሷም በሳጥን ትቀያየር። የሴራሚኩ ማጣበቂያ ሳይደርቅ እንዳትረግጥ።

የቡልቡላው፦ ውሻስ ጋሼ?

መልስ፦ ውሻ የለኝም።