የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ለመርከበኞች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በንግድ መርከብ ላይ ሥራ ልጀምር ነው። የትኛውን ሥልጠና መውሰድ ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ ኤስቲሲደብሊው በመባል የሚታወቀው የ1978 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ሥልጠናና ምስክር ወረቀት ስምምነት ሦስት የሕክምና ሥልጠና ደረጃዎችን ይለያል። መሠረታዊው ለጀማሪ መርከበኛ ነው፤ ሁለተኛው በመርከቡ ላይ የመጀመሪያ ዕርዳታ እንዲሰጡ ለሚመደቡ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሕክምናውን ኃላፊነት ለሚረከበው መኮንን ነው። እርስዎን የሚመለከተው የመጀመሪያው ነው።

ጥያቄ፦ ባልደረባዬ በመርከቡ ታንክ (የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ክፍል) ውስጥ ወድቆ ባገኘው መጀመሪያ ምን ላድርግለት?

መልስ፦ አይግቡ። ደወሉን ይደውሉ። ከዚህ መድረክ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን ይዟል፤ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ በቆየ ታንክ ወይም በመልሕቅ ሰንሰለት ክፍል ውስጥ ግን ብረቱ ሲዝግ ኦክስጅኑን ይወስደዋል። እንጨት፣ ከሰልና እህል የተጫነበት ክፍልም እንዲሁ ነው። የኦክስጅን እጥረት ሽታ የለውም፤ ሰውየው መሰላሉን እየወረደ ሳለ እግሩ ይከዳዋል፣ ከላይ ያየው ጓደኛው «ተሰናክሎ ነው» ብሎ ይከተለዋል፣ ሁለተኛውም እዚያው ይቀራል። አየርን የሚያጣራ ጭምብል የሌለውን ኦክስጅን አያመጣም። መግባት የሚችለው የራሱን አየር የተሸከመ፣ በገመድ የታሰረና በር ላይ ጠባቂ ያለው የሠለጠነ ቡድን ብቻ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህ ዓይነቱ የነፍስ አድን ልምምድ በየሁለት ወሩ እንዲደረግ የታዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥያቄ፦ ስለ መጀመሪያ ዕርዳታ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ «በአጠቃላይ» የሚባል ጉዳት የለም። ስለ ቃጠሎ፣ ስለ ስብራት ወይም ስለ መድማት ለይተው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቃጠሎ።

መልስ፦ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ፤ በረዶም ቅባትም አይነካውም።

ጥያቄ፦ ከባሕር የወጣና የማይተነፍስ ሰው ሲፒአሩ (ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ነፍሱን ማዳኑ) ይለያል?

መልስ፦ ይለያል። የሰመጠ ሰው የተጎዳው በአየር እጦት ስለሆነ፣ የአውሮፓው መመሪያ በአምስት ትንፋሽ ጀምሮ ወደ 30 ግፊትና 2 ትንፋሽ ይሻገራል። የግፊቱ ጥልቀት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። እናንተ ግን ተከትላችሁ ወደ ባሕር አትዝለሉ።

አንድ አባል፦ የመጀመሪያ ዕርዳታ ምስክር ወረቀትም በአምስት ዓመት ጊዜው ስለሚያልፍ ጠያቂዎች ይህንንም ይወቁ።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ስምምነቱ በየአምስት ዓመቱ ብቃትን ማሳየት የሚጠይቀው በባሕር ላይ ሕይወትን የማዳንና የእሳት ማጥፋት ሥልጠናዎችን ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ የእኔ አሠሪ ሁሉንም ነው የሚጠይቀው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። መርከቧ ሰንደቅ ዓላማዋን የምታውለበልብላት አገር ወይም አሠሪው ከስምምነቱ በላይ መጠየቅ ይችላል። ክርክሩ እዚህ ይብቃ።

ጥያቄ፦ ለባሕር ማጥወልወል የትኛው መድኃኒት ይሻላል?

መልስ፦ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ብዙዎቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ ተረኛ ከሆኑ ይህን ሳይነግሩት አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ታንኩ ክፍት ሆኖ የጓደኛዬ ድምፅ እየተሰማኝ ከሆነስ፣ ለአንድ ደቂቃ ብገባ?

መልስ፦ ከላይ የጻፍሁትን ያነበበ ይህን አይጠይቅም። ድምፁ መሰማቱ እርስዎ የሚወርዱበት ቦታ አየር እንዳለው አያረጋግጥም። አይግቡ፤ ደወሉን ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ሐኪም በሌለበት መርከብ ላይ ማንን እናማክራለን?

መልስ፦ በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መሠረት በሬዲዮ ወይም በሳተላይት የሐኪም ምክር ቀንም ሌሊትም በነፃ ይገኛል። ከመደወላችሁ በፊት የሕመምተኛውን የልብ ምት፣ የአተነፋፈሱን ፍጥነት፣ የሰውነቱን ሙቀትና የተሰጠውን መድኃኒት ከነሰዓቱ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።