ኢሲጂዬ ደህና ነው ተባልኩ፤ ልቤ ግን ዛሬም ድው ድው ይላል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ኮምቦልቻ እኖራለሁ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ልቤ ድው ድው ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው። አንዳንዴ ዝም ብሎ ይፈጥናል። አንዳንዴ ደግሞ ቀጥ ይልና ከውስጥ አንድ ጊዜ ደረቴን መታ ያደርገኛል። ማታ በግራ ጎኔ ስተኛ ይብሳል። ሁለት ጊዜ ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት የሚያወጣውን ምርመራ)፣ አንድ ጊዜ የልብ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ሁለተኛው ኢሲጂ ሲነሳ ልቤ እየመታ ነበር፤ «በደቂቃ 112 ነው፣ ሥርዓቱን የጠበቀ ነው፣ ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ብለው ሸኙኝ። ባለፈው ዓመት አጎቴ በ68 ዓመቱ በድንገት ሞተ፤ የደም ግፊት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቡና አቆምኩ፤ ደረጃ መውጣት ፈራሁ። እናቴ ደሴ ናት፤ ታክሲው ሐረጎን፣ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሲይዝ ጭንቅ ጭንቅ እያለኝ ስለምወርድ ካየኋት ሦስት ወር ሆነኝ። ጣት ላይ የሚደረገውን የልብ ምት መለኪያ ገዝቼ በቀን 30 ጊዜ እለካለሁ። ጎረቤቴ ከምትወስደው ፕሮፕራኖሎል፣ የልብ ምት ከሚቀንሰው መድኃኒት፣ ሰጥታኝ በሁለት ወር ውስጥ ስድስት ፍሬ ውጫለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ልጆቼን ይዤ በእግሬ ወጥቻለሁ። ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። ልቤ አንድ ቀን ቀጥ ይል ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄዎን መጀመሪያ ልመልስ። ከጻፉልኝ ሁሉ ውስጥ ልብዎ ቀጥ ይላል የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ይህን ለማጽናናት ብዬ አልጻፍኩትም፤ ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ። «ምንም የለብሽም» በሚለው ግን አልስማማም። የሚሰማዎት ምት እውነት ነው፤ እርስዎ አልፈጠሩትም፤ ሁለት ዓመት እንቅልፍ የነሳን ነገር «ምንም» ብሎ መሸኘትም ሕክምና አይደለም።

«ቀጥ ይልና መታ ያደርገኛል» ካሉት ልጀምር። ሕመምተኞቼን የሚሰማቸውን ምት በቃል ከመናገር ይልቅ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እንዲመቱልኝ እጠይቃለሁ። መንዙማ እየሰማ ያደገ የወሎ ሰው የድቤን አመታት ስለሚያውቅ ይህን አሳምሮ ያሳየኛል። ከሐይቅ የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው በሌባ ጣታቸው ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድድም አሉና ጣታቸውን አየር ላይ አቆዩት። ትንሽ ቆይተው ድም! አደረጉት። «ይሄ ዝም የሚለው ላይ ነው ነፍሴ የምትወጣ» አሉኝ። እርስዎም የሚሉት ይህንኑ ይመስለኛል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። ከዚያ ሁሉ መሃል አንዳንዱ ምት ከተራው ቀድሞ ይመጣል። ልብ ገና በደም ሳይሞላ ስለሚመታ ያ ምት ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ከሱ ቀጥሎ ልብ ትንሽ ዕረፍት ይወስዳል። በዚያች ዕረፍት ከወትሮው የበለጠ ደም ይጠራቀማል፤ ቀጣዩ ምት ያንን ሁሉ ደም ሲገፋ ደረትዎን ከውስጥ ይመታዎታል። ያ ያስደነገጠዎት ትልቅ ምት ታዲያ ልብ ወደ ተራው መመለሱን የሚያበሥር ነው። እንዲህ ያለ ምት በጤነኛ ሰውም ላይ አለ፤ አብዛኛው ሰው አይሰማውም። የልብ አልትራሳውንዱ ደህና በሆነ ሰው ላይ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ ዕድሜ አያሳጥርም። በግራ ጎን ሲተኙ የሚብሰውም ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚጠጋ ነው። ሌሊት ደግሞ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ጆሮ ትራሱ ላይ ነው፤ የሚሰማው እሱ ብቻ ይሆናል። በቀኝዎ ይተኙ፤ ይቀልልዎታል።

ስለ ምርመራዎችዎ። አንድ ኢሲጂ የሚያየው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልብ ጸጥ ባለበት ሰዓት ተነስቶ ደህና የሆነ ኢሲጂ ብዙም አያሳምነኝም። የእርስዎ ሁለተኛው ግን እየመታ እያለ ተነስቷል፤ ለእኔ ከደብዳቤዎ ሁሉ ትልቁ ዜና ይህ ነው። ሌባው እጅ ከፍንጅ ተይዞ ሲታይ ሌባ አልነበረም። 112 ሮጦ ታክሲ የደረሰ ሰውም የሚኖረው ነው። አልትራሳውንዱም ሌላ ፍርሃቴን አንሥቶልኛል። በአገራችን ወጣት ሴት «ልቤ ይመታል» ስትለኝ ቀድሞ የሚታየኝ የልብ በር፣ ማለትም የቫልቭ ሕመም ነው፤ በልጅነት በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ከዓመታት በኋላ የልብን በሮች ያጠብባል ወይም ያላላል። የእርስዎ በሮች ታይተዋል። አጎትዎንም አልረሳሁም፣ ነፍስ ይማር። የደም ግፊት የነበረበት ሰው በ68 ዓመቱ መሞቱ ቤተሰብዎ ውስጥ የሚወረስ የልብ ምት ችግር አለ አያሰኝም። በ25 ወይም በ30 ዓመቱ ሲሮጥ የወደቀ ዘመድ ቢነግሩኝ ኖሮ ሌላ ነገር እጽፍልዎ ነበር።

ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ። ደምዎ ስለመመርመሩ ምንም አልጻፉም። ይህ ሳይታይ «ጭንቀት ነው» መባልዎ ያሳዝነኛል፤ ሴት ልጅ ልቤ ስትል ደምና ታይሮይዷን (አንገት ላይ ያለውን ዕጢ) ሳያዩ ጭንቀት ብሎ መዝጋት በየቦታው የማየው ስህተት ነው። ደም ያነሰው ሰው ልቡ ጉድለቱን ለመሙላት ይሮጣል። ሁለት ልጅ ወልደዋል፤ የወር አበባዎ ይበዛ እንደሆነ አላውቅም። ሂሞግሎቢንዎን፣ ማለትም የደምዎን መጠን፣ ያስለኩ። ለሴት ከ12 በታች ማነስ ነው እንላለን፤ ከፍታ ላይ ለምንኖር ግን መስፈርቱ ከፍ ስለሚል 12 ላይ ቢወጣም «ይበቃል» ብለው አይተዉት፤ ሐኪሙን ይጠይቁ። ሁለተኛው የታይሮይድ ምርመራ ነው። በወሎ ደጋ እንቅርት አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን አንገት ላይ እያየነው ነው ያደግነው። አብዛኛው እንቅርት ልብ አያስቸግርም። አንዳንዱ ግን ከልክ በላይ ሆርሞን ያመነጭና ልብ ያስሮጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያከሳል፣ ሙቀት ያስጠላል። አንገትዎን መስተዋት ፊት ሆነው ውሃ እየዋጡ ይዩት፤ ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ካለ ይንገሯቸው፤ ባይኖርም ደሙ ይታይ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ወደ ጥቅምት 2014 እንመለስ። ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም ብለዋል። ይገናኛል ብዬ አምናለሁ። ያን ጊዜ ልጆችዎን ይዘው ሲወጡ ሰውነትዎ አድሬናሊን የሚባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ረጨ፤ ልብዎ በፍጥነት መታ፤ እግርዎ በረታ፤ ልጆችዎን አወጡ። ልብዎ በዚያን ቀን ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ ማንቂያው ከዚያ በኋላ በወጉ አለመጥፋቱ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ወዲያው ይታያል፤ አንዳንዱ ላይ ቤቱ ከተጠገነ፣ ልጆቹ ትምህርት ከገቡ በኋላ ዘግይቶ ይመጣል። ከዚያ ዓመት ወዲህ ጎማ ሲፈነዳ፣ ቆርቆሮ ሲወድቅ ልቡ ፍርስ የሚል ሰው ከወልድያ እስከ ከሚሴ ስንት እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የአጎትዎ ሞት ደግሞ ለማንቂያው አዲስ ቃል አስተማረው፤ «ልብ» የሚል።

አሁን የሚሆነው ይህ ነው። አንድ ከተራው የቀደመ ምት ይመጣል። እርስዎ ይደነግጣሉ። ድንጋጤው አድሬናሊን ይረጫል፤ አድሬናሊኑ ልብን ያፈጥነዋል፣ ተጨማሪ የቀደሙ ምቶችንም ይጠራል። ጣትዎን መለኪያው ውስጥ ይከታሉ፤ 105 ይላል፤ ይብስ ይደነግጣሉ፤ 118 ይላል። መለኪያው ያሳየዎት ድንጋጤዎን ነው። ስለዚህ ልለምንዎ፤ ይህን ሳምንት ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ይለኩ። በሚቀጥለው ሳምንት መለኪያውን ለእህትዎ ወይም ለባለቤትዎ ይስጡት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅዎ ይፈልገዋል፤ ያልፋል።

ሲመጣብዎት ደግሞ አይሽሹ፤ ባሉበት ይቀመጡ። እግርዎን መሬት ያስነኩ። በአፍንጫዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፤ ከዚያ ከንፈርዎን ሰብሰብ አድርገው፣ ከሰል እፍ እንደሚሉ ሳይሆን ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ ቀስ ብለው፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያውጡ። ጉልበቱ ያለው ረጅሙ መውጫ ላይ ነው፤ ልብን የሚያረጋጋውን ነርቭ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። የድንጋጤ ማዕበል ብዙ ጊዜ 10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ መውረድ ይጀምራል፤ በግማሽ ሰዓት አብዛኛው ያልፋል። ምንም ሳያደርጉለትም ይወርዳል። ጸሎት ወይም ዱአ ካለዎት በዚያው ትንፋሽ ላይ ያድርጉት፤ የእርስዎ ቤት የትኛውን እንደሚል አላውቅም፣ ወሎ ነውና ሁለቱንም ሊል ይችላል።

ሐረጎን በተመለከተ ጠንከር ልበል። ከታክሲው በወረዱ ቁጥር ሰውነትዎ «ስለወረድኩ ተረፍኩ» ብሎ ይማራል፤ ለዚህ ነው በየጊዜው የሚብሰው። ከኮምቦልቻ ደሴ ስንወጣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ እንጨምራለን፤ ልብ ትንሽ ፈጠን ቢል ከአየሩ መሳሳት ነው፣ የእኔም ይፈጥናል። ሰው ይዘው ይሂዱ። የመጀመሪያው ቀን ዳገቱ የሚጀምርበት ድረስ ብቻ ይሁን፤ ወርደው እዚያው ይቁሙ፤ ፍርሃቱ በግማሽ እስኪወርድ አይመለሱ። ከቶ የማልለቀው ሕግ ይህ ነው፤ ፍርሃቱ ጫፉ ላይ እያለ መመለስ የለም። በሌላ ቀን ዳገቱ መሃል፤ በሌላ ቀን ደሴ መግቢያ። ደረጃውንም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይመለሱበት፤ ዳገት ላይ ልብ 130 ቢገባ ሥራው ነው፣ የሚዳከመው ሥራ ሲያጣ ነው።

ቡናውን ለምን እንዳቆሙ ይገባኛል፤ ለአብዛኛው ሰው ግን ልከኛ ቡና ልብ አያበላሽም። እርስዎ ያቆሙት ስኒውን ብቻ አይመስለኝም፤ ጎረቤቱን፣ ጨዋታውን፣ የትልልቆቹን ምርቃት ጭምር ነው፤ ብቻውን የቀረ ሰው ደግሞ የልቡን ምት ከመስማት ሌላ ሥራ የለውም። ይመለሱ። ጠዋት አንድ ስኒ ይጠጡ፤ ቶናና በረካው ላይ ተቀምጠው ቢጫወቱ ይበቃል። ከቀትር በኋላ ይቅርብዎ። አንድ ስኒ ሁልጊዜ የሚቀሰቅስብዎ ሆኖ ካገኙት ስኒውን ይተዉ፣ መቀመጫውን አይተዉ። ጫት አልጠቀሱም፤ ለሚያነቡ ሌሎች ግን፣ ልቡ የሚመታበት ሰው ጫት መቃም የለበትም። ውስጡ ያለው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ለነገው ምት በቂ ነው።

የጎረቤትዎን ፕሮፕራኖሎል ይመልሱ። በደግነት ነው የሰጠችዎት፤ ሆኖም አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊዘጋ የሚችል መድኃኒት ነው። አልፎ አልፎ የወሰዷት ስድስት ፍሬ ጉዳት አላደረሰችም፤ ማቆም ይችላሉ። በየቀኑ ለሳምንታት የሚወስደው ሰው ግን በድንገት አያቁም፤ ልብ ይበልጥ ይሮጥበታል። ለእርስዎ የሚያስፈልግ ከሆነ ሐኪም መርምሮ ይዘዝልዎ። እንቅልፍ እንዲወስድዎ ቫሊየም የሚሰጥዎ ካለም አይቀበሉ፤ ቶሎ ያስለምዳል። ይህን ሁሉ አድርገው ከአንድ ወር በኋላ ለውጥ ካጡ፣ የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሂዱ። ሰው «አብዳለች» ይለኛል ብለው አይፍሩ። ለዚህ የሚሆን የንግግር ሕክምናም፣ የማያስለምድ መድኃኒትም አለ።

እስካሁን ያልኩት የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እነዚህ ከመጡ ትንፋሽ አይቁጠሩ፣ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂዱ። ልብዎ እየመታ ራስዎን ከሳቱ፤ በተለይ ሥራ ላይ ወይም ዳገት ላይ ከወደቁ። ደረትዎን እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም ከመጣ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥርዎ፣ እግርዎ የሚያብጥ ከሆነ። አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ከዛለ። ቁጭ ባሉበት እንደ መብራት ማብሪያ ቷ ብሎ ጀምሮ ከ150 በላይ የሚሮጥና ቷ ብሎ የሚቆም ከሆነም ሌላ ዓይነት ነው፤ ያኔ እየመታ እያለ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ገብተው ኢሲጂ ይነሱ፤ የሚድን ነገር ነውና ወረቀቱን አይጣሉ። ጠረጴዛ ላይ ሲመቱት ምንም መላ የሌለው፣ ረጅምና አጭር የተደበላለቀ ምት ከሆነም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ ቀለል ያለውንም ቢሆን ለክትትል ሐኪምዎ ይንገሩ።

የሂሞግሎቢኑንና የታይሮይዱን ውጤት ሲያገኙ ቁጥሩን ጽፈው ይላኩልኝ። ሐረጎን ተሻግረው እናትዎ ቤት የደረሱበትን ቀንም አብረው ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።