«ባለበት ሁኔታ» የተሸጠልኝ የጃፓን ጎራዴ ፎርጅድ ቢሆን ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁን?

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። ከ11 ሳምንት በፊት አንድ የወታደራዊ ቅርስ ነጋዴ «የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን መኮንን ጎራዴ፣ ኦሪጅናል» ብሎ በጽሑፍ ያስተዋወቀውን ጎራዴ በ1,800 ዶላር ገዛሁ። ደረሰኙ «ባለበት ሁኔታ የተሸጠ፣ አይመለስም» ይላል። ባለፈው ሳምንት ነገሩን የሚያውቅ ሰው ፎርጅድ ነው አለኝ። በእጀታው ውስጥ ያለውን ዝገት ጠርጌ ጽሑፉን ላስነብብ? ልክሰስ ወይስ ለሌላ ልሽጠው?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ዝገቱን እንዳይነኩት አደራ እላለሁ። እጀታው ውስጥ በሚገባው የብረቱ ጭራ ላይ ያለው ዝገት ዋና ምስክርዎ ነው፤ ለዐሥርተ ዓመታት የቆየው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ከብረቱ ጋር የተዋሐደ ሲሆን፣ በኬሚካል በጥድፊያ የመጣው ግን ብዙ ጊዜ ቀላ ያለና በጣት የሚለቅ ነው። ሕጉም ቢሆን ገዢ የተቀበለውን ዕቃ እንዲመልስ የሚፈቅደው ከዕቃው ከራሱ ጉድለት ውጪ በሆነ ምክንያት መሠረታዊ ለውጥ ሳይደርስበት ስለሆነ፣ ጠርገው ቢመልሱለት ሻጩ «የሸጥኩት ይህን አይደለም» የሚልበትን በር ይከፍቱለታል።

ሜሪላንድ እንደ አብዛኞቹ ግዛቶች የዩኒፎርም ኮሜርሻል ኮድን (ግዛቶች የሚጋሩትን የንግድ ሕግ) የሽያጭ ክፍል ተቀብላለች። በአንቀጽ 2-313 መሠረት ሻጩ ስለ ዕቃው የሰጠው መግለጫ ለስምምነቱ መሠረት ከሆነ ግልጽ ዋስትና ይሆናል፤ «ዋስትና» የሚለውን ቃል መጥራቱም ሆነ ማሰቡ አያስፈልግም። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ በዋናነት የሚያገለግለው ሳይነገሩ የሚታሰቡትን ዋስትናዎች ለማስቀረት ሲሆን፣ እነዚህንም ቢሆን ሜሪላንድ በሸማቾች ዕቃ ላይ በቀላሉ እንዲቀሩ አትፈቅድም፤ ሻጩ በጽሑፍ «ኦሪጅናል» ያለውን ቃል ግን ይህ ሐረግ አይሽረውም። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደረሰኙ ላይ «ስምምነታችን በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ብቻ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ ቀድሞ የተጻፈውን ማስታወቂያ በማስረጃነት ማቅረብ ያከራክራልና፣ የደረሰኙን ጀርባ ጭምር ያንብቡ።

ጉዳይዎ የሚወሰነው ግን ያ ሰው «ፎርጅድ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ነው። በ1934 እና በ1938 በወጡት የጃፓን ጦር ደንቦች መሠረት ለመኮንኖች ከተሠሩት ጎራዴዎች ብዙዎቹ በባህላዊ አንጥረኛ ሳይሆን በማሽን እገዛ የተሠራ ብረት ያላቸው ናቸው። ጃፓን እንዲህ ያሉትን የጥበብ ሥራ አድርጋ አትመዘግባቸውም፤ እውነተኛ የጦር ጎራዴነታቸው ግን አያጠራጥርም። ስለዚህ ባለሙያው «በእጅ የተቀጠቀጠ አይደለም» ለማለት ፈልጎ ከሆነ ክስ የለዎትም፤ ሻጩ የሸጠልዎ የመኮንን ጎራዴ እንጂ የታዋቂ አንጥረኛ ሥራ አይደለምና። «የተሠራው በቅርብ ዓመታት ነው» ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ለዚህ ባለሙያው ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጥ። እጀታውን ከብረቱ ጋር የያዘችውን የቀርከሃ ችንካር ራሱ በቀስታ መትቶ አውጥቶ ጭራውን በፎቶ ያንሳ። በእጀታው ጥብጣብ ሥር ያለው የስቲንግሬይ ዓሣ ቆዳ ከሆነ ጉብታዎቹ መጠናቸው ይለያያል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ያው ቅርጽ እየተደጋገመ ይታያል። በስለቱ ላይ ያለው ሞገድ መሳይ መስመር ብረቱ ሲጠነክር የወጣ ነው ወይስ በአሲድ የተቀባ የሚለውንም ይመርምር። እዚህ ላይ አንድ የማይጠበቅ ዕድል አለ፦ እጀታው በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የተሠራና ጥብጣብ እንዲመስል የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነና ስለቱ ላይ ተራ ቁጥር ካለ፣ ያ ከ1935 ጀምሮ ለበታች ሹማምንት የተሠራው ዓይነት ነው፤ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ «የመኮንን» የተባለውን መግለጫ አያሟላም። ይህ ዓይነት በቅጂ ሠሪዎችም እጅግ የተለመደ ነው።

ሻጩ ዐውቆ ዋሸኝ ብለው በማታለል መክሰስ የሐሳቡን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ግልጽ ዋስትና ግን ሻጩ ራሱ ተታሎ ቢሆንም ስለሚያስጠይቀው፣ እኔ በዚህ መንገድ ብቻ እንዲሄዱ እመርጣለሁ። ክስ የሚቀርብበት የይርጋ ጊዜ ዕቃውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ 4 ዓመት ነው፤ ነገር ግን ጉድለቱን ካወቁ በኋላ በተገቢ ጊዜ ለሻጩ ካላሳወቁ መብትዎን ሙሉ በሙሉ ሊያጡ ይችላሉ። ለሌላ የመሸጡን ሐሳብ ይተዉት፤ አሁን እያወቁ «ኦሪጅናል» ብለው ቢሸጡት የማታለሉ ተከሳሽ እርስዎ ይሆናሉ።

በዚህ ሳምንት በአደራ ፖስታ ደብዳቤ ይላኩ፦ ቀኑን፣ ማስታወቂያውን ቃል በቃል፣ የባለሙያውን አስተያየትና ጎራዴውን መልሰው 1,800 ዶላሩን መረከብ እንደሚፈልጉ ይጻፉ። እምቢ ካለ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርሱ ክሶችን በሚያየው የአነስተኛ ክሶች ችሎት ያመልክቱ፤ በዚያ የማስረጃ ደንቡ ላላ ያለ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግዎትም፤ እንደ እኔ ላለ ጠበቃ የሚከፍሉት ከጎራዴው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ባለሙያውን ግን ወደ ችሎቱ ይዘውት ይሂዱ።