አሲስቱን ላጥፋው ወይስ ልተወው? የመኪና ጌም ጥያቄ ያላችሁ አምጡ

ሰላም ናችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ ልጆች። ፒያሳ አካባቢ ፕሌስቴሽን ቤት ስሰራ ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ መኪና ጌም የሚከፍት ሰው ሁሉ ሴቲንጉ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ እኔን ነው የሚያየኝ። አሲስት የምንለው ጌሙ ራሱ ፍሬኑን፣ መሪውን ወይም ጎማውን እየተቆጣጠረ የሚያግዝህን ሴቲንግ ነው። ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ፣ መብራት እስካለ ድረስ የመጣውን እመልሳለሁ።

ጥ፦ ጓደኞቼ አሲስት የሚያበራ ሰው መንዳት አይችልም ይሉኛል፣ እውነት ነው እንዴ?

መ፦ አይደለም ወንድሜ። ኤቢኤስ (ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እኮ ጌም የፈጠረው ነገር አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1978 ቦሽ ሰርቶት መርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ የገባ ነው፣ ዛሬ አስፋልት ላይ የምታያቸው አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች አላቸው። ጂቲ3 የሚባሉት የውድድር መኪኖችም በእውነተኛው ሬስ ላይ ኤቢኤስና ትራክሽን ኮንትሮል (ነዳጅ ስትሰጥ ጎማው በባዶ እንዳይሽከረከር የሚይዘው) ይዘው ነው የሚሮጡት። ፎርሙላ ዋን ደግሞ ትራክሽን ኮንትሮል ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው። አሴቶ ኮርሳ የሚባለው ጌም ላይ ለዚህ የሚሆን ፋክተሪ የሚል ምርጫ አለ፣ እውነተኛው መኪና ያለውን ብቻ ይተውልሃል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ መኪናው ምን አለው ብለህ ጀምር።

ጥ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ ሁሉንም በአንዴ አጠፋሁትና መኪናው ከኩርባ ስወጣ እየዞረ አስመረረኝ፣ ከየቱ ልጀምር?

መ፦ አብሽር፣ ይሄ የሁሉም ሰው ስህተት ነው። በአንዴ ካጠፋህ የቱ እንዳዞረህ አታውቅም፣ ስለዚህ አንድ በአንድ። መጀመሪያ ራሱ ፍሬን የሚይዝልህንና ራሱ መሪ የሚያዞርልህን አጥፋ፣ እነሱ ካሉ አንተ እየነዳህ አይደለም። ቀጥሎ ማርሹን ማንዋል አድርገው። ከዛ ስታቢሊቲ ኮንትሮል (መኪናው ተንሸራቶ እንዳይዞር የሚይዘው)፣ ከዛ ትራክሽን ኮንትሮል ቀስ እያልክ፣ ኤቢኤስ የመጨረሻው ነው ወይም ጭራሽ አትንካው።

ማርሹን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ከደሴ ተነስተህ ሐረጎን ስትወርድ የጭነት ሹፌሮቹን አይተሃቸዋል፣ ኩርባው ውስጥ ገብተው ማርሽ አይፈልጉም፣ ከላይ ቀንሰው በሞተሩ ይዘውት ነው የሚገቡት። ጌሙም እንደዛው ነው፣ ፍሬኑን መሪው ቀጥ ባለበት ጨርስ፣ ማርሹን ቀንስ፣ ከዛ ግባ። አውቶማቲክ ላይ እያለህ ይሄንን አትማረውም ምክንያቱም መኪናው ለራሱ ይመርጥልሃል፣ አንዳንዴም ኩርባው መሃል ላይ ማርሽ ይቀይርና ያንቀጠቅጥሃል።

ሲወጣ የዞረብህ ደግሞ የትራክሽን ነገር ነው። ጎማው ያለው አቅም አንድ እንጀራ ነው በለው፣ ለመዞር የበላውን ያህል ለመግፋት አይተርፈውም። መሪህ ገና ዞሮ እያለ ነዳጁን ሙሉ ከሰጠኸው፣ በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ከሆነ ጎማው በባዶ ይሽከረከርና ኋላው ይወጣል። መሪውን እየመለስክ በመለስከው ልክ ነዳጅ ጨምር፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ከሚያዞርህ ሦስተኛ አስገብተህ ውጣ፣ ጉልበቱ ይለሰልሳል። ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ ቲሲኤሱ (ትራክሽን ኮንትሮሉ) ከ0 እስከ 5 ነው፣ 3 ላይ ጀምርና ሳይዞርብህ አስር ዙር ስትጨርስ አንድ ቀንስ። ደግሞ ጉልበተኛ መኪና አትምረጥ፣ ደካማ መኪና ይዘህ አጭር ትራክ ላይ ተለማመድ ወላሂ ሳምንት አይፈጅብህም።

ጥ፦ ኤቢኤስን አትንካው ያልከው ለምንድነው? ሲጠፋ አጭር ቦታ ላይ ይቆማል ይባላል።

መ፦ እግሩ ፔዳል ላይ ላለ፣ ለለመደ ሰው ሊሆን ይችላል። አንተ በምን ነው የምትይዘው? ፍሬኑን በካሬው ቁልፍ የምትይዝ ከሆነ ወይም ኤል ሁለቱ (ከኋላ በግራ ያለው የፍሬን ቁልፍ) ያረጀ ጆይስቲክ ከሆነ ፍሬንህ ወይ ዜሮ ነው ወይ መቶ ነው፣ መሃል የለውም። መቶ ሲሆን ጎማው ይቆለፋል፣ የተቆለፈ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም፣ መሪውን ብታዞረውም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስልክ ላይም ያው ነው። ደህና ጆይስቲክ ካለህ ግን ሞክረው፣ መጀመሪያ ጠንከር አድርገህ ያዝና ፍጥነቱ እየወረደ ሲሄድ ጣትህን አላላ።

ጥ፦ መንገዱ ላይ የሚሰመረው መስመርስ? ያለ እሱ የት ፍሬን እንደምይዝ አላውቅም።

መ፦ ኩርባ ላይ ብቻ አድርገው፣ ብዙ ጌም ላይ አለ። ሙሉው ሲበራ ዓይንህ መስመሩ ላይ ይቀርና መንገዱን አታየውም። እኔ ራሴ አንድ ትራክ ላይ ከመቶ ዙር በላይ ነድቼ መስመሩን ሳጠፋው ምንም የማላውቀው ቦታ ሆነብኝ። ምልክት ያዝ፣ የሜትር ሰሌዳ፣ የድልድይ ጥላ፣ አስፋልቱ ቀለም የሚቀይርበት ቦታ። ሌላም አለ፣ ሰው ጀርባ ተጠግተህ ስትነዳ ንፋሱን እሱ ስለሚሰብርልህ ኩርባው ጋ ፈጥነህ ነው የምትደርሰው፣ ስለዚህ ብቻህን ስትሆን ከምትይዝበት ቀደም ብለህ ያዝ።

ጥ፦ ከወልድያ፣ የኮምፒውተሮቹን (ጌሙ ራሱ የሚነዳቸውን ተፎካካሪዎች) ጉልበት ስንት ላይ ላድርገው?

መ፦ የኮድማስተርስ ኤፍ ዋን (የፎርሙላ ዋን ጌም) ከሆነ አዳዲሶቹ ላይ ከ0 እስከ 110 ነው። የሰው ቁጥር አትጠይቅ፣ ለአንተ አይሆንም። አንድ የምታውቀው ትራክ ላይ አምስት ዙር ሩጥ፣ ርቀህ ካሸነፍክ 5 ጨምር፣ የመጨረሻ ከሆንክ 5 ቀንስ፣ ፊትህም ኋላህም ሰው እስኪኖር ድረስ። ትራክ ሲቀየር ትንሽ ታስተካክላለህ፣ አንዱ ላይ እነሱ ይበረታሉ ሌላው ላይ አንተ። አሲስት ባጠፋህበት ቀን ግን ጉልበታቸውን አትጨምር፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከነካህ የቱ እንዳስቸገረህ ይጠፋብሃል።

ጥ፦ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ ላይ የቱንም ያህል ብበር ተፎካካሪዎቹ ከኋላዬ አይጠፉም፣ ሴቲንግ አለው?

መ፦ የ2005ቱ ከሆነ ዋናው ታሪክ (ካሪየሩ) ላይ የለውም። ስትርቅ እነሱን ያፈጥናቸዋል፣ ስትቀር ያዘገያቸዋል፣ እንዲህ ነው የተሰራው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አትድከም፣ ናይትሮህን (ለአጭር ጊዜ የሚያፈጥንህን) ለመጨረሻው አቆይ፣ የመጨረሻዋን ኩርባ አትሳሳት።

ጥ፦ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፣ በኔ ስልክ መኪና ይጫወታል፣ ግድግዳ እየገጨ ያለቅሳል፣ ምን ላድርግለት?

መ፦ እትዬ፣ አስፋልት 9 የሚባለው ጌም (አሁን ስሙ አስፋልት ሌጀንድስ ሆኗል) ከሆነ የሚጫወተው ሴቲንጉ ውስጥ ታች ድራይቭ የሚል አለ፣ ያብሩለት። መሪውን ራሱ ይይዝለታል፣ እሱ የሚሄድበትን መንገድ መምረጥና ናይትሮ መስጠት ነው። ሌላ ጌም ከሆነም የመሪና የፍሬን አሲስት ካለው ለልጅ ሁለቱም ይብሩ። ሲሰለቸው ራሱ አጥፉልኝ ይልዎታል።

ጥ፦ ስሳሳት ጌሙን ወደ ኋላ መመለሱ ማጭበርበር ነው?

መ፦ ለመማር ከሆነ አይደለም፣ እንደውም ደስ የሚለኝ ነገር ነው። ግን እዛው ኩርባ ላይ ሦስቴ ከተመለስክ ስህተቱ ኩርባው ላይ አይደለም፣ ከኩርባው በፊት ነው፣ ርቀህ ተመለስና ፍሬኑን ቀድመህ ያዝ።

ጥ፦ የቅድሙ የኮምቦልቻው ነኝ፣ የኔ ጆይስቲክ ኤል ሁለቱ እኮ ሞቷል፣ በቁልፍ ነው የምይዘው።

መ፦ እንግዲያው ኤቢኤሱን አብራና ትራክሽኑን ብቻ ተለማመድ። ቅዳሜ ወደ ደሴ ከወጣህ ግን ጎራ በል፣ ኤል ሁለቱ ደህና የሆነውን ጆይስቲክ አስቀምጥልሃለሁ፣ ኤቢኤሱን እዚሁ አጥፍተን አብረን እናየዋለን።