ለተከራይ ክፍሎች የግል ቆጣሪ ስታስገባ ኒውትራሉን አትናቅ

ወንድሜ፣ ደሴ ባለው ግቢህ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች እንደምታከራይ፣ በመብራት ሒሳብ ጭቅጭቅ ስለሰለቸህ ከዋናው ቆጣሪ ቀጥለህ ለየክፍሉ የግል ቆጣሪ ማስገባት እንደምትፈልግ ጽፈሃል። ራሴ ብሠራው አደጋ አለው ወይ ነው ጥያቄህ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ግቢዎችን ስለዘረጋሁ የማውቀውን ልንገርህ።

በቅድሚያ ድንበሩን እንለይ። ከምሰሶው እስከ ዋናው ቆጣሪ ያለው መስመርና የታሸገው ቆጣሪ የመብራት ኃይል ነው፤ ማሸጊያውን አትንካ። ቅጣቱን ተወው፤ ያንን መስመር የሚያጠፋ ብሬከር ቤትህ ውስጥ የለም። ያንተ ሥራ የሚጀምረው ከዋናው ብሬከር በኋላ ነው። ብሬከሩን ከማጥፋትህ በፊት ቴስተርህ በሚሠራ ሶኬት ላይ መብራቱን እይ፤ ካጠፋህ በኋላ ደግሞ ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ጨምሮ ሁሉንም ሽቦ ሞክር። የተበላሸ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ ሙት ነው ይልሃል። ክረምት ላይ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢው ሲረጥብ፣ በነጠላ ጫማ ቆሞ ሽቦ የሚነካካ ሰው ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ሥራው ለነገ ቢያድር ምን ይጎዳል?

ቆጣሪው ሥር አራት ቀዳዳዎች ታገኛለህ። ቅደም ተከተላቸው እንደ አምራቹ ይለያያል፤ አንዱ የፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) መግቢያና መውጫውን ጎን ለጎን ያደርጋል፣ ሌላው ፌዙን በዳርና ዳር፣ ኒውትራሉን በመሐል ያስቀምጣል። የግንኙነቱ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በክዳኑ ውስጥ ተለጥፏል፤ ጎረቤት የተሠራውን አይተህ አትገልብጥ። በቆጣሪው ውስጥ የፌዝ መግቢያና መውጫ በቀጥታ የተያያዙ ናቸውና፣ በአንዱ ፌዝ፣ በሌላው ኒውትራል ብታስገባ ወዲያው ሾርት ይሆናል። ሽቦው መዳብ ይሁን። የተላጠው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ቀዳዳው ውስጥ ይግባ፣ ፕላስቲኩ ግን ብሎኑ ሥር አይግባ፤ ሁለቱንም ብሎኖች አጥብቀህ ሽቦውን ጎተት አድርገህ ፈትሽ። ያየኋቸው የተቃጠሉ ቆጣሪዎች አብዛኞቹ የላላ ብሎን ነበረባቸው።

አሁን ዋናው ነገር። ፌዝን ሁሉም ይፈራል፤ ኒውትራልን ግን ቀላቅሎ ማሰር ልማድ ሆኗል። አንድ ግቢ ውስጥ ተከራዩዋ ሁሉን አጥፍታ ሄዳ ቆጣሪዋ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ትል ነበር። አከራዩ ቆጣሪው ተበላሽቷል ብለው ሊጥሉት ነበር። ስንከታተለው የጎረቤት ክፍል ምጣድ ፌዙን ከራሱ ቆጣሪ ወስዶ በሷ ኒውትራል ይመለስ ኖሯል። አንዳንድ ቆጣሪዎች በፌዝና በኒውትራል ከሚያልፈው ትልቁን ስለሚቆጥሩ ሒሳቡ በእርሷ ላይ ያርፍ ነበር። የከፋው ግን ሌላ ነው፤ የክፍሏን ብሬከር አጥፍቶ ያንን ኒውትራል የሚፈታ ሰው ምጣዱ እየሠራ ከሆነ ይመታዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ከቆጣሪው እስከ መጨረሻው አምፖል የራሱ ፌዝና የራሱ ኒውትራል ይኑረው። የመሬቱ ሽቦ በቆጣሪ አያልፍም፤ መሬት ውስጥ ከተቀበረው ዘንግ በቀጥታ ወደ ሶኬቶቹ ይሄዳል። መሞከሪያ ቁልፍ ያለውን የ30 ሚሊአምፔር ብሬከርም ግዛ፤ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው ይቆርጣል፣ ኒውትራል ከተቀላቀለም ሰላም አይሰጥህም።

የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይጎትታል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ለምጣዱ በ20 አምፔር ብሬከር የተጠበቀ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለብቻው ዘርጋ፤ ለሶኬት 2.5፣ ለመብራት 1.5 ይበቃል። ሦስቱም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ከጋገሩ 48 አምፔር ነውና ዋናው ብሬከር ሊወድቅ ይችላል። ያኔ ብሬከሩን በትልቅ አትቀይር፤ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና የመጋገሪያ ቀን አከፋፍላቸው። ቤቱ የእንጨትና ጭቃ ከሆነ ቆጣሪዎቹን ምርጉ ላይ ሳይሆን ዝናብ በማይደርስበት የብረት ሳጥን ውስጥ አድርጋቸው።

ስትጨርስ አንዱን ክፍል ብቻ ክፈትና 1,500 ዋት የውሃ ማፍያ ሰካ። ቆጣሪው ላይ 1600 የሚል (በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል የሚነግር ቁጥር) ከተጻፈ መብራቷ በደቂቃ ወደ 40 ጊዜ ብልጭ ማለት አለባት፤ ማታ ቮልቴጁ ሲወርድ ጥቂት ብትቀንስ የቆጣሪው ጥፋት አይደለም። በዚያው ጊዜ የሌሎቹ ክፍሎች መብራቶች ጸጥ ማለት አለባቸው። አንዷ እንኳ ብልጭ ካለች ኒውትራል ተቀላቅሏል፤ አጥፍተህ ፈልገው።

ስለ ጭቅጭቁ አንድ ነገር ልጨምር፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር በኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለውም የሚጨምር ነው። ሦስት አባወራ በአንድ ዋና ቆጣሪ ሲጠቀም ወደ ውዱ እርከን ቶሎ ስለሚገባ፣ የግል ቆጣሪውን በዝቅተኛው ዋጋ አባዝተህ ብትሰበስብ ልዩነቱ ከኪስህ ይወጣል። የወሩን ጠቅላላ ክፍያ ለጠቅላላው ኪሎዋት ሰዓት አካፍለህ፣ በተገኘው አማካይ ዋጋ አስከፍል፤ ደረሰኙንም ለሁሉም አሳያቸው።